ሞተሩ ከመታጠቡ በፊት

የከባድ መኪና ሞተር ከውስጡ ሲበላሽ ባለንብረቱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መጀመሪያ ለተሰበረው ይከፍላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የታደሰው ሞተር በዚያው ሕመም ሲመለስበት ደግሞ እንደገና። በዋግ ኽምራ ሁለተኛው ክፍያ ከመጀመሪያው ይመርራል። የዞኑ ከተማ ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ክራንክሻፍት የሚያርም ቶርኖ ቤት ፍለጋ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ካልሆነም እስከ አዲስ አበባ ይኬዳል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ተገዝቶ እስኪመጣ መኪናው ድንጋይ ተደግፎ ይከርማል፤ እህሉም፣ ሲሚንቶውም፣ ማዳበሪያውም በዚያው ልክ ይዘገያል።

ምን እንደተሰበረ ለማየት ሙያ አያስፈልግም። ቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ብሎኩን በስቶ ሲወጣ ቀዳዳው አፍጥጦ ይታያል። የሚያጨቃጭቀው ማን ሰበረው የሚለው ነው። ባለንብረቱ ሹፌሩን ይጠረጥራል፤ ዘይት አላየም፣ ሞተሩ እየፈላ ነድቷል ይላል። ሹፌሩ መለዋወጫውን ያማል፤ ኦርጅናል ተብሎ የተገጠመው ፎርጅድ ነው ባይ ነው። መካኒኩ ከእሱ በፊት ሞተሩን የፈታውን መካኒክ ይከስሳል፣ ዕቃ ሻጩ ደግሞ አገጣጠሙን። አራቱም በመልሱ የሚያተርፉ ወይም የሚከስሩ ሰዎች ናቸው። የመድን ድርጅት ባለሙያ መጥቶ ቢያየው ገለልተኛ ዓይን ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን የተለመደው የተሽከርካሪ መድን ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትንና ስርቆትን እንጂ የሞተርን የውስጥ ብልሽትና እርጅና አይሸፍንም። ስለዚህ ማስረጃ የመሰብሰብ ግዴታ ያለበት ሰው የለም። ማስረጃው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጠፋል። ዘይቱ መሬት ይጠጣዋል፣ የራዲያተሩ ውሃ ይደፋል፣ ፒስተኖቹ በናፍጣ ታጥበው አንድ ላይ ይከመራሉ። የትኛው ፒስተን ከስንተኛው ሲሊንደር እንደወጣ ከዚያ በኋላ የሚያውቅ አይኖርም።

በእኔ ግምት በዋግ ኽምራ መንገዶች ላይ ሞተር የሚገድለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ውጭ ነው፦ ውሃው፣ አየሩ፣ ዘይቱ፣ ናፍጣውና ቁልቁለቱ። ከውስጥ ተሰብሮ የሚገኘው ዕቃ የመጨረሻው ተጎጂ ነው። የመጀመሪያውን ጥፋተኛ ለማግኘት እያንዳንዱ ምክንያት ብረት ላይ ትቶት የሚያልፈውን ምልክት ማወቅ ይጠይቃል።

የመኪናው ዓይነት ለምርመራው ለውጥ ያመጣል። የድሮው ፊያት 682 ኤንትሬ ቱርቦ የሌለው ባለስድስት ሲሊንደር ነበር። ብዙ አይሱዙ ኤፍኤስአሮች ላይ ያለው 8.2 ሊትር ሞተርም ቱርቦ የለውም። ሰቆጣ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የናፍጣ ፖምፓው ግን ይህን ሳያውቅ ያንኑ ያህል ናፍጣ ይረጫል። ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። እንዲህ ያለው መኪና አቅም አነሰው ብሎ ፖምፓውን የሚከፍት መካኒክ ሳያውቀው ፒስተኑን ለእሳት እየሰጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የገጣጠማቸው አይቬኮ ትራከሮችና ሕዝቡ ቀይ ሽብር የሚላቸው ሲኖትራኮች ግን ቱርቦ አላቸው። ቱርቦው የሳሳውን አየር በፍጥነት በመሽከርከር ያካክሳል፤ በዚያው መጠን ቶሎ ይደክማል። ሌላም ልዩነት አለ። ብዙ ሲኖትራኮች የያዙት፣ ከኦስትሪያው ሽታየር የተወረሰው ደብሊውዲ615 ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ፣ ማለትም ከላይ የሚከድነው ብረት፣ አለው፤ የተጠረጠረውን አንዱን ብቻ ከፍቶ ማየት ይቻላል። በትራከሩ ኩርሶር ሞተር ላይ ስድስቱንም የሚሸፍነው ቴስታታ አንድ ነው፤ ከመክፈት በፊት በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ሰፊው ጉዳይ ውሃ ነው። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው የግራካሱ ጠመዝማዛ 1,000 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይዞ ይወጣል። በ1977ቱ ረሃብ እህል የጫኑ መኪኖች ኮረም የደረሱት በዚሁ ዳገት ነው፤ ዛሬም ወደ ሰቆጣ የሚሄደው ጭነት በዚህ ሲያልፍ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በትንሽ ነፋስና በሙሉ ኃይል እየሠራ ነው። ሹፌሮች "ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል" ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ሰቆጣ ላይ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላል። የታሸገ ራዲያተር ግን ክፍት ድስት አይደለም። 0.7 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለው መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 115 ገደማ ይሆን ነበር። ከፍታው የቀነሰው እንግዲህ አራት ወይም አምስት ዲግሪ ብቻ ነው። ክዳኑ ጎማው ካለቀ፣ ወይም ጠፍቶ በጨርቅ ከተወተፈ፣ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ 20 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ ውሃው የሚፈላው ተርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀት ላይ ነው። እንፋሎቱ ቴስታታው ውስጥ ኪስ ይሠራል፣ ብረቱ ይጣመማል፣ ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። መኪናው በጓርኒሲዮን ብልሽት ጋራዥ ይገባል፤ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ ይወጣል፤ የራዲያተሩን ክዳን ያየው ግን የለም።

ጓርኒሲዮን መብላቱን ሞተር ሳይወርድ ማረጋገጥ ይቻላል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማስነሳት፤ ገና ሳይሞቅ ውሃው ላይ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ የሲሊንደር ጋዝ እየገባ ነው። ውሃ ወደ ዘይት ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከመለኪያው አንድ ጠብታ ዘይት የጋለ ብረት ላይ ማድረግ ነው፤ ከተንጫጫ ውሃ አለው። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ እስኪታይ መጠበቅ ቤሪንጎቹ እስኪያልቁ መጠበቅ ነው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ የኮፓውን (የዘይት ቋቱን) መክፈቻ ቀስ ብሎ ማላላትም ይበቃል፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው።

ሌላው የውሃ ጥፋት ረቂቅ ነው። ካሚቻው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ፣ በቀጥታ ውሃ በሚነካባቸው ሞተሮች ላይ ፒስተኑ በመታው ቁጥር ካሚቻው ይንቀጠቀጣል፤ በውጭ ጎኑ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች እየተፈጠሩ ይፈነዳሉ፣ ብረቱንም ይቦረቡራሉ። መከላከያው ዝገትና ቡርቦራን የሚያስቀር ኬሚካል ያለው ኩላንት ነው። ከወንዝ ወይም ከቦኖ ተቀድቶ የሚሞላ ውሃ ይህ የለውም፤ ይባስ ብሎ ደለልና ጨው ያጋግራል። ካሚቻው ሲወጣ በአንድ ጎኑ፣ ፒስተኑ በሚገፋበት አቅጣጫ፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጉድጓዶች ከታዩ ነገሩ አከራካሪ አይደለም። "ካሚቻው ጥራት የለውም" የሚለው ክስ በዚህ ጊዜ መውደቅ አለበት።

ቀጥሎ አቧራ። ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ የሚወርደው መንገድ በበጋ ከፊት ያለውን መኪና አያሳይም። የአየር ፊልትሮው በቶሎ ይሞላል፤ ሹፌሩ አውጥቶ ጎማ ላይ ይመታዋል፣ ወይም ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል። ወረቀቱ የሚቀደደው ያኔ ነው። ቆሻሻ ፊልትሮ ሞተሩን ያንቀዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም፤ የተቀደደ ፊልትሮ ግን ትንፋሹን ከፍቶ እየጨረሰው ይሄዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው። አቧራ በአየር ከገባ የላይኛው የፒስተን ፋሻ ከታችኞቹ ይልቅ ይሳሳል፣ ካሚቻውም ላይኛው ጫፉ ላይ ይበላል፤ የቱርቦው የአየር ምላጮች ጠርዛቸው ይደንዛል። ቆሻሻው በዘይት በኩል ከገባ ግን ቤሪንጎቹ ላይ ተሰክቶ ይገኛል፣ የዘይት ፋሻዎቹም ቀድመው ያልቃሉ። አንዱ ወደ ፊልትሮው ቤትና ወደ ጎማ ቱቦው ይመራል፤ ሌላው ዘይት ወደሚቀዳበት ጀሪካንና ማንቆርቆሪያ። በአቧራ ያለቀ ሞተር ገና ሳይወርድ በመተንፈሻው ይናገራል፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሲነሳ ጭስ እየገፋ ይወጣል፣ ዘይትም ይበላል።

ስለ ዘይት ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ ከሚባለውም ብዙው ስለ ብራንድ ነው። ቤሪንጎቹን አንብቦ ሳይጨርሱ የዘይት ብራንድ መውቀስ የችኮላ ፍርድ ነው። ሁሉም ቤሪንጎች በእኩል ደርቀው፣ ሽፋናቸው ተልጦ መዳብ ካሳዩ፣ ዘይት ለሁሉም አልደረሰም፤ መጠኑ ጎድሏል፣ የዘይት ፖምፓው ደክሟል ወይም መሳቢያው ተደፍኗል። አንዱ ብቻ ከተቃጠለ ጥያቄው እዚያው ቦታ ላይ ነው፦ የተዘጋ የዘይት ቀዳዳ፣ በአግባቡ ያልጠበቀ ቡሎን፣ ቶርኖ ቤት ያጠበበው መቀመጫ። የቢዬላው የላይኛው ግማሽ ቤሪንግ ብቻ ከደቀቀ ጫና ይጠረጠራል፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንስ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ያስጨነቀ ሹፌር ይህን ይተዋል። ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖና ናፍጣ ናፍጣ ሸትቶ ከተገኘ ደግሞ ወደ ኢንጀክተሮቹ መሄድ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል፤ ዘይት የማይበላ ጤነኛ ሞተር ተብሎ የሚወደሰው መኪና ናፍጣ በዘይቱ ውስጥ እየጠጣ የሚሄደው ሊሆን ይችላል።

ናፍጣው ራሱ የተለየ ችግር አለው። ማደያ በራቀበት ሁሉ ነዳጅ በበርሜልና በጀሪካን ይሸጣል፤ ውሃና ደለል አብሮ ይገባል። ኬሮሲን መቀላቀልም አሮጌ ዘዴ ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ የነጭ ናፍጣና የኬሮሲን መሸጫ ሁለቱም በሊትር 49.02 ብር የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ ዋጋው ሲስተካከል የመቀላቀል ትርፉ ይጠፋል። ኬሮሲን ማለስለስ ስለማይችል ፖምፓውንና የኢንጀክተሩን መርፌ ይፍቃል። መርፌው የማይዘጋ ኢንጀክተር ይንጠባጠባል፤ እሳቱ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የፒስተኑን አናት ያቀልጣል። ምልክቱ የሚረጭበትን አቅጣጫ ተከትሎ የቀለጠ ጉድጓድ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ፒስተን ብቻ መሆኑ ነው። ስድስቱም አንድ ላይ ከጋሉ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ የአየር እጥረት፣ የተከፈተ ፖምፓ፣ የተዛባ የመርጫ ጊዜ። የተጠረጠረውን ሲሊንደር ለመለየት የድሮ ሞተር ላይ የኢንጀክተሩን ቱቦ ዳዶ በየተራ ማላላት ይበቃል፤ ሲላላ ድምፁ የማይለወጠው እሱ ቀድሞውንም አይሠራም፣ ሲላላ ማንኳኳቱ የሚቆመው ደግሞ ሕመሙ እዚያ ነው። የናፍጣው ግፊት እጅ ስለሚበሳ ይህ ሲደረግ መዳፍን ከቱቦው ማራቅ ግድ ነው።

ቁልቁለቱን ብዙ መካኒክ አይጠይቅም፤ ለእኔ ከሁሉም የተረሳው ይህ ነው። ከሰቆጣ አምባ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጥላል። ፖምፓው ሞተሩን ከመጠን በላይ እንዳይዞር የሚገታው ናፍጣ በመቀነስ ነው፤ የተጫነ መኪና ክብደት በጎማው በኩል ሞተሩን ሲያዞረው ግን የሚቀንሰው ናፍጣ የለም። ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ያለው ሹፌር ያለ መጠን ማርሽ ቢቀንስ ቫልቮቹ ለመዝጋት ጊዜ ያጣሉ፣ ፒስተኑም ይመታቸዋል። ቴስታታው ሲነሳ በሁሉም ፒስተኖች አናት ላይ የጨረቃ ግማሽ የመሰለ የቫልቭ አሻራ ከተገኘ ያ ሞተር ከልክ በላይ ዞሯል፣ ወይም የቫልቭ ጊዜው ዘልሏል። አሻራው በአንዱ ላይ ብቻ ከሆነ የዚያ ቫልቭ ስፕሪንግ ወይም መያዣ ነው የተሰበረው። ይህን የሚያህል ቁርጥ ያለ ምስክር ሞተር ውስጥ ጥቂት ነው፤ የካርቦን ጥቀርሻው ከተፋቀ ግን አብሮ ይጠፋል።

በክረምት ጎርፍ የያዘ ወንዝ ማቋረጥም የራሱ አሻራ አለው። ሞተሩ ውሃ ከሳበ ውሃ ስለማይጨመቅ ቢዬላው ይጎብጣል። ብዙ ጊዜ ወዲያው አይሰበርም፤ ውሃው ተጠርጎ ሞተሩ ይነሳል፣ ለሳምንታትም ይሠራል፣ ከዚያ በደረቅ መንገድ ላይ በድንገት ብሎክ ይበሳል። ያን ቀን የነዳው ሹፌር በማያውቀው ወንዝ ይጠየቃል። የተሰበረው ቢዬላ ቢጠፋም ጎረቤቶቹን ቀጥ ያለ ብረት ላይ አስተኝቶ መለካት፣ የዚያ ፒስተን የካርቦን መስመርም ካሚቻው ላይ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

የአፈታቱን ቅደም ተከተል በተመለከተ የምለው አጭር ነው። አንድም ቡሎን ሳይፈታ መጠየቅ፤ መጨረሻ ምን ተጠገነ፣ ጌጁ ምን አለ፣ ጭሱ ምን ቀለም ነበረው፣ ድምፁ በድንገት መጣ ወይስ እያደገ። ከዘይቱ ግማሽ ሊትር በንጹሕ ጠርሙስ፣ ከራዲያተሩ ውሃም እንዲሁ ማስቀመጥ። የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ ወረቀቱን ዘርግቶ ማየት፤ ማግኔት የሚስበው ፍቅፋቂ ከካሚቻ፣ ከፋሻ ወይም ከክራንክሻፍት፣ የማይስበው ቢጫ ወይም ነጭ ደግሞ ከቤሪንግ ወይም ከፒስተን ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ሳያጥቡ በቁጥር ምልክት አድርጎ መደርደር፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት ዛሬ ምንም አያስከፍልም። ፒስተኑ ከአናቱ ጀምሮ ከተቧጨረ የቃጠሎ ሙቀት፣ ከቀሚሱ ከጀመረ የዘይት ወይም የማቀዝቀዣ እጥረት መሆኑን ማንበብ የሚቻለው ሳይታጠብ ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩት አዳዲስ ሞተሮች ስካነር ሲገጠምላቸው ኮድ ይሰጣሉ፤ ይጠቅማል፣ ነገር ግን "የዘይት ግፊት ዝቅተኛ" የሚል ኮድ ለምን ዝቅ እንዳለ አይናገርም። ሹፌሩ ያየውን በሌላ ቋንቋ ነው የሚደግመው።

የፎርጅድ ዕቃ ክስስ? አለ፣ እውነትም ነው። በኦርጅናል ካርቶን የተሸጠ ቀጭን ቤሪንግ፣ ቶሎ የሚለሰልስ ፋሻ ገበያው ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ ክሱ ማስረጃ የማይጠይቅ ስለሆነ ለሁሉም ይመቻል፤ ሻጩ ሩቅ ነው፣ ደረሰኙም የለም። ክሱን ለመቀበል ቢያንስ የተገጠመው ልክ ከክራንክሻፍቱ ልክ ጋር መስማማቱ መለካት አለበት። ክራንክሻፍት ሲታረም በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፣ ቤሪንጉም ያንን በሚያካክስ መጠን መወፈር ይኖርበታል። ቤሪንጉ ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር ከቶርኖው ሥራ ጋር ካልገጠመ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የገዢው ነው። ቁጥሩ ገጥሞ፣ ሌላ ምክንያትም ሳይገኝ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያለቀ ቤሪንግ ብቻ ነው በሐቅ ፎርጅድ ሊባል የሚገባው።

ጥያቄው መልስ የማያገኝበት ጊዜም አለ። ሞተሩ ነክሶ ሳለ በግድ እንዲዞር ሲደረግ ብረት ከብረት ተጣብቆ አሻራው ሁሉ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሞተር ሲታደስ ሁሉንም ተጠርጣሪ እንደ ጥፋተኛ መቁጠር ነው የሚሻለው፤ ራዲያተሩ ይታጠባል፣ ክዳኑና ተርሞስታቱ ይቀየራሉ፣ ኢንጀክተሮቹ በመሞከሪያ ይፈተሻሉ፣ የአየር ቱቦው ከፊልትሮው እስከ ቱርቦው ይመረመራል። ከሁሉ በፊት ግን የዘይት ማቀዝቀዣው ይጣላል። የተፈጨው ቤሪንግ ደቃቁ በጠባብ ቱቦዎቹ መሃል ስለሚቀር በናፍጣ ቢታጠብ፣ በአየር ቢነፋ አይወጣም፤ ሞተሩ ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን ተላቅቆ በቀጥታ ወደ አዲሱ ቤሪንግ ይሄዳል። ባለንብረቱ ለዚህ ዕቃ ገንዘብ ማውጣት አይወድም፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነምና።